ምዕራፍ ስድስት፦ ጄኔራሉና ካሜራው

እሑድ ኤፕሪል 23 ቀን 1961፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። (በዚህ ምዕራፍ ቀኑና ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን እንደኛ።) ፈረንሳይ በሯን ዘግታ ቴሌቪዥኗንና ራዲዮኗን ከፍታለች። በፈረንሳይ የምትገዛው የአልጄሪያ ዋና ከተማ አልጀርስ ከዓርብ ሌሊት ጀምሮ በመፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎች እጅ ናት። ሻል፣ ዡኦ፣ ዜሌርና ሳላን የሚባሉ አራት ጡረተኛ ጄኔራሎች፣ አልጄሪያ ዕድሏን በራሷ እንድትወስን የፈቀደውን ፖሊሲ ተቃውመው ጦር አስነሥተዋል። ቀጣዩ ፓሪስ ነው፣ አየር ወለዶች በሌሊት ይወርዳሉ የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል።

ሻርል ደጎል በቴሌቪዥኑ መስኮት ብቅ አሉ። በኬኔዲ ቀብር ላይ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በፎቶግራፍ የምናያቸው፣ በ1966ም አዲስ አበባን የጎበኙት ያ ረጅም ሰው ናቸው። ያን ምሽት ሰባ ዓመታቸው ነበር። የፕሬዚዳንት ሱፋቸውን ትተው ሁለት ኮከብ ያለበትን የብርጋዴር ጄኔራል የደንብ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ያመፁት ጄኔራሎች ሁሉ በማዕረግ ይበልጧቸዋል። ግን እነዚያን ሁለት ኮከቦች ፈረንሳይ በሙሉ ታውቃቸዋለች፤ በጁን 1940 ሀገሪቱ ለናዚ ጀርመን እጇን ስትሰጥ፣ ከለንደን በቢቢሲ ማይክራፎን ትግሉ አላበቃም ብሎ የተጣራው ሰው ኮከቦች ናቸው። ደጎል ገና ቃል ሳይወጣቸው የነገሩን ግማሽ ተናግረው ነበር።

ሲጀምሩ ነገሩን በስሙ ጠሩት፤ አልጄሪያ ውስጥ የአመፅ ሥልጣን ቆሟል አሉ። ከዚያ ለሁለት ከፈሉት። ይህ ሥልጣን የሚታይ ገጽ አለው፣ እሱም እፍኝ የማይሞሉ ጡረተኛ ጄኔራሎች ናቸው፤ እውነተኛ መልክም አለው፣ እሱም ወገንተኛ፣ ሥልጣን የጠማቸውና ጽንፈኛ የሆኑ መኮንኖች ናቸው። ቀጥለው ጉዳቱን ደረደሩ፤ መንግሥት ተዋረደ፣ ሕዝብ ተደፈረ፣ ኃይላችን ተናጋ። በማን? «ወዮ! ወዮ! ወዮ!» አሉ ሦስት ጊዜ፣ ማገልገልና መታዘዝ ግዴታቸውና ክብራቸው በሆነ ሰዎች። ከዚያ ትእዛዙ መጣ። እነዚህ ሰዎች በየትኛውም ቦታ እንዲታገዱ ሁሉም ዘዴ፣ ሁሉም ዘዴ እላለሁ፣ ሥራ ላይ እንዲውል አዝዣለሁ። ማንም ፈረንሳዊ፣ ከሁሉ በፊት ማንም ወታደር፣ አንዱንም ትእዛዛቸውን እንዳይፈጽም እከለክላለሁ። በመጨረሻም ያ በትዕቢቱ የሚታወቅ ሰው ፈረንሳውያትንና ፈረንሳውያንን ጠርቶ አንድ ቃል ተናገረ፦ «እርዱኝ!»

በአልጄሪያ በረሃና ተራራ ከ400 ሺህ በላይ የፈረንሳይ ወታደሮች ነበሩ። አብዛኞቹ በሀገሩ ሕግ ለግዳጅ ውትድርና የሄዱ የሀያና የሀያ አንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ቴሌቪዥን የላቸውም፤ ትንሽ የትራንዚስተር ራዲዮ ግን በየካምፑ ነበረች። አዛዣቸው ከአመፀኞቹ ጋር ይሁን አይሁን ያልለየለት ልጅ፣ «እከለክላለሁ» የሚለውን ቃል ከፕሬዚዳንቱ አንደበት በጆሮው ሰማ። በማግስቱ በየጦር ሰፈሩ ወታደሮች እግራቸውን ጎተቱ፣ ትእዛዝ አንቀበልም አሉ። መፈንቅለ መንግሥቱ በማክሰኞ ማታ ፈረሰ፤ ጄኔራል ሻልም እጃቸውን ሰጡ። የፈረሰው በንግግሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ መኮንኖች ከመጀመሪያውም አመፁን አልተቀላቀሉም ነበር። ሆኖም ለሚያመነታ ሰው በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ነገር ግልጽ ቃል ነበር፤ ያንን አገኘ።

በዚያው ሌሊት ሌላም ሰው ተናግሯል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚሼል ደብሬ እኩለ ሌሊት አካባቢ ቀርበው፣ የአደጋ ደወል ሲሰማ ሕዝቡ በእግርም በመኪናም ወደ አየር ማረፊያዎች እንዲሄድና የተታለሉትን ወታደሮች እንዲያሳምን ጠየቁ። ድካሙ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ደብሬ ብልህና ታማኝ ሰው ነበሩ፤ ጥሪያቸው ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት መሳቂያ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ሰዎች ስለ አንድ አደጋ፣ ለአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ሌሊት ነው የተናገሩት። ደጎል የሰጡት ትእዛዝ እያንዳንዱ ሰው ባለበት ቆሞ የሚፈጽመው ነው፤ ወታደሩ እንቢ ይላል፣ ዜጋው ከመንግሥቱ ጎን ይቆማል። ደብሬ የጠየቁት ደግሞ ሰላማዊ ሰው ፒጃማውን አውልቆ በጨለማ ከታጠቀ አየር ወለድ ጋር እንዲከራከር ነው። ፍርሃታቸውን ለሕዝቡ አካፈሉት እንጂ ከላዩ አላነሡለትም።

በቴሌቪዥን ቀልብ የሚስብ መሪ ምን አለው ሲባል፣ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መልክ፣ ድምፅና አለባበስ ነው። እነዚህ ዋጋ አላቸው፤ ደጎልም በብርቱ ለፍተውባቸዋል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚቀድመው ሌላ ነው፤ ተናጋሪው ካሜራው ፊት ከመቀመጡ በፊት የወሰነው ነገር አለ ወይ? ከተመልካቹስ ምን እንደሚፈልግ ቁርጡን ያውቃል ወይ? ካለውና ካወቀ ፊቱም፣ ድምፁም፣ እጁም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከሌለው ካሜራው አያድነውም። ይህን ለማየት ከደጎል የተሻለ ምስክር አላውቅም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ዕጣ ደርሶባቸዋል።

ወደ መነሻው እንመለስ። ደጎል የራዲዮ ልጅ ናቸው። በጦርነቱ አራት ዓመታት ፈረንሳይ ድምፃቸውን እንጂ ፊታቸውን አታውቅም ነበር። በጁን 1958 ወደ ሥልጣን ሲመለሱ ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ በመላ ሀገሪቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ቁጥሩ ግን በየወሩ ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ ንግግሮቻቸው ደካማ ነበሩ። የዐይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰው በመሆናቸው ወፍራም መነጽር አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ከወረቀት ያነቡ ነበር። ተመልካቹ ያየው ግንባርና የመነጽር ፍሬም ነው። ሰው ራዲዮ ሲሰማ ወረቀቱን አያይም። ቴሌቪዥን ግን ተናጋሪው ዐይኑን ወደ ገጹ በጣለ ቁጥር «ይህን ያለው እሱ ነው ወይስ ወረቀቱ?» የሚል ጥርጣሬ ይዘራል።

ደጎል ይህ ገባቸው። ኋላ ላይ እንደጻፉት፣ በመስኮቱ የሚታየው ሰው ያለ ወረቀትና ያለ መነጽር ሕዝቡን ዐይን ለዐይን እያየ መናገር አለበት ብለው ቆረጡ። ከዚያ ወዲያ ንግግራቸውን በእጃቸው ጽፈው፣ ሰርዘው ደልዘው፣ ቃል በቃል በቃላቸው ይይዙት ነበር። መነጽራቸውን ሲያወልቁ ከፊታቸው የቆመውን ሰው በቅጡ አይለዩም። እንግዲህ ያ ሚሊዮኖች «እኔን ነው የሚያየኝ» ያሉለት ዐይን፣ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙም የሚያየው ነገር አልነበረም። የሚያውቀው ግን ወዴት ማየት እንዳለበት ነው፤ ወደ ሌንሱ።

ዛሬ መሪዎች ይህን ችግር በማሽን ይወጡታል። ቴሌፕሮምፕተር በ1950 አሜሪካ ውስጥ፣ ቃለ ተውኔት ማጥናት ላቃታቸው የድራማ ተዋንያን ሲሠራ የሚሽከረከር የወረቀት ጥቅል ነበር። ኋላ ላይ ወደ መስታወት ተለወጠ። መስታወቱ በሌንሱ ፊት ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ ከሥሩ ያለው ስክሪን ጽሑፉን ወደ ላይ ያበራበታል፤ ተናጋሪው ፊደሉን ያያል፣ ሌንሱ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ተናጋሪውን ብቻ ያያል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ዐይንን ከወረቀት ያላቅቃል እንጂ ንግግሩን የተናጋሪው አያደርገውም። ሰው በቃሉ ሲይዝ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ያላምጠዋል፤ የማያምንበት ቃል ጥርሱ ላይ ይቀርበታል፣ አውጥቶ ይጥለዋል። ከመስታወት የሚያነብ ሰው ይህን ማጣሪያ አያልፍም። በየሀገሩ የምናያቸው መሪዎች ጽሑፉን እየተከተሉ ዐይናቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሲዋልል አይቶ ያልታዘበ ተመልካች ያለ አይመስለኝም።

ሌላው የሚያሰናክለው ነገር ሕዝብ መሰብሰብን የለመደ ልሳን ነው። በእኛ ሀገር የነበረውን የአደባባይ ሙግት እናስታውስ። «በላ ልበልሃ» ብሎ የሚነሣው ተሟጋች ዳኛው ፊት ቆሞ፣ ነጠላውን እያመቻቸ፣ በግጥም እየወጋ፣ ከዙሪያው ከቆመው ሰው የሚመጣውን ሳቅና አድናቆት እየሰማ ነበር የሚናገረው። ተሰብሳቢው ያነሣዋል፣ ይጥለዋል፤ እሱም በዚያ መጠን ድምፁን ይሰቅላል ወይ ያወርዳል። ቴሌቪዥን ተሰብሳቢውን ይወስድበታል። ተናጋሪው ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ አድማጩ ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ራት እየበላ ነው። ሃምሳ ሺህ ሰው ያስጨበጨበ ጩኸት ሳሎን ሲገባ ስድብ ይመስላል። ስለዚህ በአደባባይ ነጎድጓድ የነበሩ መሪዎች በስክሪን ላይ ሲቀርቡ ጆሮ ያደክማሉ። ከአደባባዩ ጥበብ ለስክሪን የሚተርፈው የአነጋገሩ አጥንት ነው። የደጎል ገጽና እውነት፣ ሦስቱ ወዮታ፣ «ሁሉም ዘዴ» ተብሎ መደገሙ ከዚያ የመጣ ነው። የሚያጨበጭብ ባይኖርም አድማጩ ዐረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ይሰማዋል፤ ሲደርስም አብሮ ይደርሳል።

ስለዚህ ጉዳይ በተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ውስጥ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተፎካከሩት የኬኔዲና የኒክሰን ክርክር አይቀርም። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1960፣ ቺካጎ። ኒክሰን ከጉልበት ሕመም ገና ያገገሙ፣ የከሱ፣ ግራጫ ሱፋቸው ከግድግዳው ቀለም ጋር የተዋሐደ፤ ኬኔዲ ፀሐይ የመታው ፊት፣ ጠቆር ያለ ሱፍ። በራዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፉ አሉ፣ በቴሌቪዥን ያዩት ግን ኬኔዲን መረጡ የሚለው ታሪክ ለስልሳ ዓመት ሲነገር ኖሯል። የቆመበት መሠረት ግን ጥቂት መቶ የራዲዮ አድማጮችን ብቻ ያካተተ አንድ የአስተያየት ጥናት ነው፤ በ1987 ሁለት ተመራማሪዎች ድክመቱን ዘርዝረው አሳይተዋል። በፊልሙ ላይ ማንም ሊያየው የሚችለው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ኒክሰን ብዙ ጊዜ መልሳቸውን ወደ ኬኔዲ ዞረው፣ እንደ ፍርድ ቤት ተከራካሪ ነጥብ በነጥብ ይሰጣሉ። ኬኔዲ ወደ ሌንሱ፣ ማለትም ወደ መራጩ ይናገራሉ። ለማን እንደሚናገሩ ወስነው ነው የመጡት።

ድምፅን በሥልጠና ማስተካከል ይቻላል። ማርጋሬት ታቸር በአማካሪዎች እገዛ ድምፃቸውን ዝቅና ረጋ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። ይህን ከሚመለከቱ ጥናቶች የሚደንቀኝ በ1982 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ነው። ጠያቂዎች ታቸርን ለምን ደጋግመው ያቋርጧቸዋል ብለው የመረመሩት ሰዎች፣ ታቸር ሐሳባቸውን ሳይጨርሱ ድምፃቸውን እንደ ማብቂያ ወደ ታች እንደሚጥሉት አገኙ። ጠያቂው ጨረሱ ብሎ ይገባል፤ እሳቸው ይቀጥላሉ፤ ተመልካቹ ደግሞ ሁለት ሰው ሲጣላ ያያል። የአንድ ቃል ቃና እንኳ በስክሪን ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ከዚህ ይታያል።

ወደ ደጎል ልመለስ፤ ምክንያቱም በ1965 ጌትነታቸው ተፈተነ። ፈረንሳዮች ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ ሊመርጡ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪም የቴሌቪዥን ሰዓት ተሰጠ። ደጎል የምርጫ ዘመቻ ማድረግ ክብራቸውን የሚነካ ስለመሰላቸው ሰዓታቸውን እምብዛም አልተጠቀሙበትም። ተመልካቹ ደግሞ እስከዚያ ቀን በስክሪን ያላያቸውን ሰዎች አየ፤ ፈገግታ የማይለየው ወጣቱ ሌካኑዌ፣ አንደበተ ርቱዑ ሚቴራን። ዲሴምበር 5 ድምፁ ሲቆጠር ደጎል 44.6 በመቶ አገኙ። ወደ ሁለተኛ ዙር መግባት ለእሳቸው ውርደት ነበር።

እዚህ ላይ መነገር ያለበት እውነት አለ። ደጎል በስክሪን ያገኙት ሞገስ ከፊሉ የመጣው ሌላ ሰው ባለመታየቱ ነው። ቴሌቪዥኑ የመንግሥት ነበር፣ እስከ 1964 ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር፣ ዜናውም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ዐይን ሥር ነበር። አማራጭ የሌለው ጆሮ የሰማውን ሁሉ ትልቅ ያደርጋል። ይህን እኛ ማንም እንዲነግረን አያስፈልገንም። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የፓርቲዎችን ክርክር ሲያስተላልፍ ሰው ከየቤቱና ከየቡና ቤቱ ስክሪን ላይ ዐይኑን የተከለው፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው አጠገብ አድርጎ የመመዘን ዕድል ስላገኘ ነው። መሪ ተናጋሪ መሆኑ የሚታወቀው መልስ የሚሰጥ ሰው ከጎኑ ሲቀመጥ ነው። ያለዚያ የምናደንቀው ጣቢያውን ይሁን ሰውየውን አናውቅም።

ደጎል ግን ተማሩ። ዲሴምበር 13፣ 14 እና 15 ጋዜጠኛው ሚሼል ድሯ በስክሪን ላይ ጠየቋቸው። ጄኔራሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ያወጋሉ። እንደ ግልገል ፍየል ወንበር ላይ እየዘለሉ «አውሮፓ! አውሮፓ! አውሮፓ!» ማለት ይቻላል፣ ግን ወደ የትም አያደርስም አሉ፣ ሰውነታቸው ከወንበሩ ብድግ ቁጭ እያለ። ስለ ፈረንሳይ ሲጠየቁ የቤት እመቤትን አነሡ። የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ትፈልጋለች፣ ፍሪጅ ትፈልጋለች፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ትፈልጋለች፣ ከተቻለም መኪና፤ ይህ ዕድገት ነው። ባሏ ግን በየመሸታው እንዲዞር፣ ወንዶች ልጆቿ እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ እንዲሰቅሉ፣ ሴቶቹም ውጭ እንዲያድሩ አትፈልግም፤ ይህ ሥርዓት ነው። ሐውልት የመሰለው ሰው ስለ ፍሪጅ ሲያወራ ሀገሩ አዲስ ደጎልን አየ። ዲሴምበር 19 በ55.2 በመቶ አሸነፉ።

ከዚያ ሜይ 1968 መጣ። የፓሪስ ተማሪዎች የድንጋይ ንጣፉን ፈንቅለው መንገድ ዘጉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ አቆመ። ሜይ 24 ምሽት ደጎል በቴሌቪዥን ቀረቡ። ቃላቸውን በሚገባ ይዘዋል፣ ዐይናቸው ሌንሱ ላይ ነው፣ አነጋገራቸው ያው ነው። ያሉት ግን ምንድን ነው? ሠራተኛው በአስተዳደር ተሳታፊ የሚሆንበት ለውጥ ያስፈልጋል፣ በጁን ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል፣ ካልተቀበላችሁት እኔ አልቆይም። ዛሬ ማታ ምን ይደረግ ለሚለው ሰው ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። በዚያው ሌሊት ፓሪስ ተቃጠለች፤ የአክሲዮን ገበያው ሕንፃም በእሳት ተያያዘ። ደጎል ራሳቸው ኢላማዬን ስቻለሁ አሉ። ብዙ ጸሐፊዎች ስለ እርጅናቸው ያወራሉ፤ እውነት ነው፣ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ነገር ግን ከስድስት ቀን በኋላ ስድስት ቀን ጨምረው እንጂ አልቀነሱም።

ሜይ 30፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል። በዋዜማው በሄሊኮፕተር ተሰውረው፣ ጀርመን ውስጥ የነበረውን የፈረንሳይ ጦር ከሚያዙት ከጄኔራል ማሱ ጋር ባደን ባደን ላይ ተገናኝተው ተመልሰዋል። በዚህ ጊዜ የተናገሩት በራዲዮ ብቻ ነው። የቴሌቪዥን ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር፤ ከዚያም በላይ ፈረንሳይ ያንን ድምፅ ከ1940 ጀምሮ ታውቀዋለች። ከአምስት ደቂቃ ያነሰ ንግግር ነው፣ ግሶቹን ብቻ ማንበብ ይበቃል፦ ውሳኔዬን ወስኛለሁ፤ ከሥልጣኔ አልወርድም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አልለውጥም፤ ብሔራዊ ሸንጎውን ዛሬ በትኛለሁ። ጥቂት ቆይቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ሻንዜሊዜን ሞሉት። ሰልፉ ቀድሞ የታሰበ ቢሆንም ያን ያህል ሰው ያወጣው ያ ንግግር ነው። ፊት አልታየም፣ ኮከብ አልታየም። በሜይ 24 ጎድሎ የነበረው ነገር ግን ሙሉ ሆኖ መጥቷል። በጁን መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ደጋፊዎቻቸው ሸንጎውን በከፍተኛ ድምፅ ያዙት።

ይህን ሁሉ ስል ግልጽ የተናገረ መሪ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። ኤፕሪል 25 ቀን 1969 ደጎል ስለ ክልሎችና ስለ ላዕላይ ምክር ቤቱ ማሻሻያ በሚሰጠው ሕዝበ ውሳኔ ዋዜማ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ አብላጫው አይሆንም ካለኝ ወዲያውኑ ሥራዬን እተዋለሁ አሉ። ፈረንሳዮች በሚገባ አዳመጧቸው። ከሁለት ቀን በኋላ 52.4 በመቶው አይሆንም አለ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያላት መግለጫ ወጣች፦ የሪፐብሊኩን ፕሬዚዳንትነት ሥራዬን አቁሜያለሁ፤ ይህ ውሳኔ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይጸናል።